ነርቩ ተሰፍቶ ሁለት ወር ሞላው፤ ጣቱ ለምን አሁንም ደነዘዘ?

እህቴ፣ የወንድምሽ እጅ አንጓው ላይ በመስታወት ተቆርጦ ነርቩ ከተሰፋ ሁለት ወር ሆኖታል፤ ጣቶቹ ግን እስካሁን ድንዝዝ ናቸው ብለሻል። ቀዶ ሕክምናው ከሽፎ ይሆን ወይ፣ «የነርቭ ማሳደጊያ መርፌ» ቢወጋስ ብለሽም ጠይቀሻል። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ አብዛኛው ሥራዬ እጃቸው ከተጎዳ ሰዎች ጋር ነው። በሁለተኛው ወር ላይ ይህን የማይጠይቀኝ የለም ማለት ይቻላል። አይዞሽ፣ ገና ነው።

ነርቭ ሲቆረጥ ከቁስሉ ወደ ጣት ያለው የክሮቹ ክፍል ይፈራርሳል። ይህን ተመራማሪው ኦገስተስ ዎለር በ1850 እ.ኤ.አ. አሳይቷል። ቀዶ ሐኪሙ የሚሰፋው የነርቩን ሽፋን ነው። ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ክሮች ከላይኛው ጫፍ እንደ አዲስ ማደግ አለባቸው፤ የሚያድጉት ደግሞ በቀን በግምት 1 ሚሊ ሜትር ነው። ከአንጓ እስከ ጣት ጫፍ ከ15 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር እንበል። የተሰፋውን ቦታ መሻገር ብቻ ሳምንታት ይፈጃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጉዞ ስድስት ወር ገደማ ነው። አሁን ክሮቹ ቢበዛ መዳፉ ውስጥ ናቸው።

አሁንም ድረስ የሚገርመኝ የሽዋን ሴሎች ነገር ነው። የነርቭ ክርን የሚጠቀልሉ ረዳት ሴሎች ናቸው፤ በደህናው ጊዜ ማይሊን የሚባለውን ቅባታማ ሽፋን ይሠራሉ። ክሩ ሲቆረጥ ግን አብረውት አይሞቱም፣ ሥራ ይቀይራሉ። ማይሊን መሥራት ትተው ይባዛሉ። የፈራረሰውን ያጸዳሉ፤ ማክሮፋጅ የሚባሉትን የጽዳት ሴሎችም ከደም ይጠራሉ። ከዚያ በአሮጌው ቱቦ ውስጥ ተሰልፈው ይቆያሉ። አዲሱ ክር ሐረግ በእንጨት ላይ እንደሚወጣ እነሱን ተከትሎ ይሄዳል። በአንጎልና በህብለ ሰረሰር ውስጥ ማይሊን የሚሠሩት ሌሎች ሴሎች ናቸው፤ እንዲህ ያለ ጥገና አያደርጉም። እዚያ የደረሰ ጉዳት ለመዳን የሚያስቸግርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

መርፌውን በተመለከተ፣ የእድገት ፋክተር የሚባሉትን ነርቭ እንዲያድግ የሚረዱ ፕሮቲኖች እነዚሁ የሽዋን ሴሎች ራሳቸው ያመነጫሉ። መጀመሪያ የታወቀው ኤንጂኤፍ ነው፤ ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒና ስታንሊ ኮኸን በ1986 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኙት በዚህ ዘርፍ ሥራቸው ነው። ጂዲኤንኤፍ የሚባለው ደግሞ በተለይ ጡንቻ የሚያንቀሳቅሱትን ነርቮች ይደግፋል። ታዲያ ከውጭ ቢጨመርስ? ኤንጂኤፍ በስኳር ሕመም ነርቫቸው በተጎዳ ሰዎች ላይ ተሞክሯል። መርፌው ሕመም ያስከትል ነበር፤ በትልቁ ሙከራም የተጠበቀው ጥቅም አልታየም። በእንስሳት ላይ ደግሞ ጂዲኤንኤፍ አንድ ቦታ ሲበዛ ክሮቹ እዚያው ተጠላልፈው ይቀራሉ፣ ወደፊት አይሄዱም። ዋናው ነገር ትክክለኛው መጠን በትክክለኛው ቦታና ሰዓት መገኘቱ ነው፤ ይህን ደግሞ ሴሎቹ ያውቁበታል። ቫይታሚን ቢ12ም ለጎደለው ሰው ይጠቅማል፤ የተቆረጠን ነርቭ ግን ያፈጥናል ብለሽ ገንዘብሽን አታፍስሺ።

የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። የሽዋን ሴሎች ክር ሳይደርስላቸው ወራት ካለፉ ይቀንሳሉ፣ የሚያመነጩትም ይደክማል። ጡንቻም ነርቭ ሳያገኝ ከ12 እስከ 18 ወር ከቆየ መመለሱ በጣም ይከብዳል። ስለዚህ ወንድምሽ ዝም ብሎ አይጠብቅ። ሐኪሙ ከፈቀደለት በደህናው እጁ የደነዘዙትን ጣቶች በየቀኑ ያጥፋ፣ ይዘርጋ። ነርቩ ደርሶ መገጣጠሚያው ደርቆ ቢገኝ ያሳዝናል፤ ይህ በሥራዬ ላይ ካየሁት ሁሉ የሚቆጨኝ ነው። ትኩስ ነገርም በዚያ እጁ አይያዝ፣ ሳይሰማው ይቃጠላል።

በነርቩ መስመር ላይ በጣት ቀስ አድርጎ መታ መታ ሲደረግ የሚነዝርበት ቦታ አለ። በየወሩ ወደ ጣቶቹ እየተጠጋ ከሄደ ክሮቹ እያደጉ ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው ወር ከጠባሳው ካልራቀ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ቀዶ ሐኪሙ ጋ ሂዱና የነርቭ ምርመራ እንዲደረግለት ጠይቁ።