የሃይማኖት ጥናት መመረቂያ ጽሑፍ ለምትጽፉ

ውድ ተመራቂዎች፣

የሃይማኖት ጥናት ተማሪዎችን ለብዙ ዓመታት አማክሬያለሁ። በየዓመቱ የሚመጡልኝ ርዕሶች ይመሳሰላሉ። «ሃይማኖትና ሰላም»፣ «ሃይማኖትና ሴቶች»፣ «ሃይማኖትና ቴክኖሎጂ»። ርዕሶቹ ክፋት የለባቸውም። ግን የአንድ ሰው ዕድሜም አይበቃቸው። እናንተ ያላችሁ ደግሞ ጥቂት ወራት ነው።

በኮቪድ ጊዜ አንዲት ተማሪ «አምልኮ በኢንተርኔት» የሚል ርዕስ ይዛ መጣች። «እስቲ ርዕሱን ተይውና ያየሽውን ንገሪኝ» አልኳት። ሰዎች ቤታቸው ብቻቸውን ሆነው አምልኮውን በስልክ ይከታተላሉ። ስክሪኑ ላይ ያሉት ሲቆሙ አንዳንዶቹ አብረው ይቆማሉ። ሌሎቹ ሶፋቸው ላይ እንደተቀመጡ ይቀራሉ። የሚያያቸው ሰው የለም። ታዲያ የቆሙት ለምን ቆሙ? «በቃ፣ ጥናትሽ ይሄ ነው» አልኳት። ከዚያ ወዲያ ማንን እንደምትጠይቅ፣ ምን እንደምታነብ ራሱ ጥያቄው ይነግራት ጀመር።

ቲዎሪም ቦታውን የሚያገኘው እንዲህ ሲሆን ነው። ብዙ ተማሪ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ የሊቃውንት ስም ይደረድርና ከዚያ በኋላ አንዴም አያነሳቸውም። ይሄ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ኤሚል ዱርካይም እ.ኤ.አ. በ1912 ባሳተመው ሥራው ሰዎች አንድ ላይ ሲሰባሰቡ ለየብቻቸው ሳሉ የማይሰማቸው ኃይል እንደሚያድርባቸው፣ የሃይማኖት ሕይወትም ከዚያ እንደሚመነጭ ተከራክሯል። እንግዲህ ብቻውን ስልክ ፊት የቆመው ሰውዬ ተሰብስቧል ወይስ አልተሰበሰበም? ዱርካይምን እንዲህ ስትሞግቱት ያነበባችሁት ሁሉ ሥራ ላይ ይውላል።

ይኸው ዱርካይም ስለ አውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ሃይማኖት የጻፈው አገሩን ሳይረግጥ ነው። የተመረኮዘው ሌሎች በሰበሰቡት ዘገባ ላይ ነበር። ስለዚህ መስክ መውጣት ባትችሉ ተስፋ አትቁረጡ፤ ከሰነድም ጥሩ ጥናት ይወጣል። ብቻ ሰነዱን ማን፣ ለማን፣ ለምን ብሎ እንደጻፈው መርምሩ። የሚስዮናዊ ደብዳቤና የምእመን ማስታወሻ ስለ አንድ በዓል ቢጽፉም የሚያዩት አንድ ነገር አይደለም።

«አማኝ ነኝ፣ ታዲያ እንዴት ላጥና?» የሚል ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። «አላምንም፣ እንዴት ይገባኛል?» የሚልም አለ። ዱርካይም የረቢ ልጅ ነበር፤ እሱ ራሱ ግን አማኝ አልነበረም። እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ኢቫንስ-ፕሪቻርድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1944 ካቶሊክ ሆነ፤ ስለ ኑዌር ሃይማኖት የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1956 ወጣ። ሁለቱም ዛሬም ይነበባሉ። እምነታችሁን ደጅ ጥላችሁ ግቡ አልልም። ማስረጃ አድርጋችሁ ግን አታቅርቡት።

የራሳችሁን እምነት ስታጠኑ የሚያስቸግረው «ይሄማ የታወቀ ነው» ብላችሁ የምታልፉት ነገር ነው። ምንም ለማያውቅ ሰው እንደምታስረዱ አድርጋችሁ ጻፉት። የሌላውን ስታጠኑ ደግሞ ገለጻችሁን ላነጋገራችሁት ሰው አሳዩት። «እኛ እንዲህ አናደርግም» ካለ አርሙ። ትንታኔው ግን የእናንተ ነው፤ ባይስማማበትም ምክንያታችሁን አቅርባችሁ ቁሙለት። ድምፅ ከመቅዳታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ።

አማካሪያችሁ ጋ ሐሳብ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ሁለት ገጽም ቢሆን የተጻፈ ነገር ያዙ። መግቢያውን መጨረሻ ላይ ጻፉት። ምንጩን ባነበባችሁበት ቀን መዝግቡ፤ በኋላ ፍለጋው መከራ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቃለ መጠይቅ ላይ አንድ አዛውንት «አንተስ ልጄ፣ ታምናለህ?» ሊሉህ ይችላሉ። አንቺንም ይጠይቁሻል። ርዕስ አትቀይሩ። እውነቱን በአጭሩ መልሱላቸው። ጥያቄውንም፣ መልሳችሁንም፣ ከዚያ በኋላ ጨዋታው እንዴት እንደተለወጠም ማታውኑ ጻፉት። ስለ አጠናን ዘዴያችሁ በምትጽፉበት ምዕራፍ ውስጥ ይገባል።