ለማዲያት የተቀባሁት ክሬም ፊቴን አጠቆረው

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ36 ዓመት ሴት ነኝ። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ጉንጬ ላይ ማዲያት ወጣብኝ። ከኮስሞቲክስ ቤት ክሬም ገዝቼ ሁለት ዓመት ያህል ማታ ማታ ፊቴን ተቀባሁ። መጀመሪያ ጥሩ ለውጥ አየሁ፤ አሁን ግን ጉንጬና የዓይኔ ዳር ወደ ሰማያዊ ያደላ ጥቁር እየሆነ ነው። አንድ ቀን ካልተቀባሁ ፊቴ ፍም መስሎ ያቃጥለኛል። የሸጠችልኝ ልጅ «ጠንከር ያለውን ሞክሪ» ትለኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጠንከር ያለውን አይሞክሩ። እንደነገሩኝ ከሆነ ፊትዎን ያጠቆረው ክሬሙ ራሱ ሳይሆን አይቀርም። ማዲያት አብዛኛውን ጊዜ ቡናማ ነው። ወደ ሰማያዊ ወይም ግራጫ የሚያደላ ጥቁረት ግን ሃይድሮኪኖን የተባለውን ቆዳ የሚያነጣ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ በተቀቡ ሰዎች ላይ የምናየው ነው፤ ኦክሮኖሲስ ይባላል። በ1975 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆቹ) ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የቆዳ ሐኪሞች ጽፈውበታል፤ እዚያ ችግሩ በመበርታቱ ሃይድሮኪኖን ከመዋቢያዎች ውስጥ እንዲወጣ ታግዷል።

መድኃኒቱ በራሱ ክፉ አይደለም። እኛም ለማዲያት እናዝዘዋለን፤ ግን ለጥቂት ወራት፣ በክትትል። ለዓመታት ሲቀቡት ከቆዳው የታችኛው ሽፋን ውስጥ ጥቁር ነገር ይከማቻል። ከታች ስለተቀመጠም ቢያሹት፣ ቢልጡት አይለቅም፤ ፀሐይ ሲጨመርበት ይብሳል። የሚያሳዝነው፣ ሰው ፊቱ ሲጠቁር «መድኃኒቱ አንሶ ነው» ብሎ መጨመሩ ነው። ሎሚ የሚቀቡም አሉ፤ ሎሚና ፀሐይ ሲገናኙ ቆዳን ያቃጥላሉ።

ማቃጠሉ ደግሞ ሌላ ነገር ያስጠረጥረኛል። ክሬሙ እንደ ክሎቤታሶል ያለ ጠንካራ ስቴሮይድ (የቆዳ ቁጣን የሚያበርድ፣ ሰውነት ከሚሠራው ሆርሞን ጋር የሚመሳሰል መድኃኒት) ሊኖርበት ይችላል። ስቴሮይድ ፊት ላይ ሲቆይ ቆዳን ያሳሳል፣ ብጉር ያወጣል፣ ሲቋረጥም ፊትን ያስቆጣል። ስለዚህ ክሬሙን ያቁሙ፣ ቃጠሎው መልሶ እንዳያስቀባዎ ግን በዚሁ ሳምንት የቆዳ ሐኪም ይዩ። ገላዎን ሁሉ ይቀቡ ከነበረ ግን በራስዎ አያቋርጡ፤ ሰውነት የራሱን ሆርሞን መሥራት አቁሞ ሊሆን ስለሚችል አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

ሲሄዱ ክሬሙን ከነካርቶኑ ይያዙ። የተጻፈበትን ብቻ አናምንም፤ አንዳንዶቹ ውስጥ ኩላሊት የሚጎዳ ሜርኩሪ ይገኛል፣ ሐኪሙ የሽንት ምርመራ ቢያዝልዎ አይደነቁ። አዲስ አበባ ካሉ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ክፍል አለው።

እስከዚያው ጠዋት ጠዋት ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ክሬም) ይቀቡ። የቆዳ ቀለም ያለው ይመረጣል፤ በውስጡ ያለው የብረት ኦክሳይድ ማዲያትን የሚያባብሰውን የሚታይ ብርሃን ጭምር ይከላከላል። ጃንጥላም አይርሱ። ጥቁረቱ ቢደበዝዝ እንኳ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይወስዳል። ሌዘር የሚረዳቸው አሉ፤ ግን የእኛን ዓይነት ቆዳ በማያውቅ ሰው እጅ ሌላ ጠባሳ ይጨምራል።

የእርግዝና መከላከያ እንክብል የሚወስዱ ወይም የሚያጠቡ ከሆነም ለሐኪሙ ይንገሩት፤ እንክብሉ ዋናውን ማዲያት ሊያባብሰው ይችላል።