ልስኑ ያበጠበት አሮጌ አዳራሽ፦ ኮሚቴው ከመፈረሙ በፊት

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ ምክር ቤት ሲሰበሰብበት የኖረ አሮጌ አዳራሽ እየታደሰ ነው። የቁጥጥር ኮሚቴው አባል ነኝ፤ ሙያዬ ግን ሒሳብ ነው። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይና ጡብ ነው። ባለፈው ዓመት የታችኛው ክፍል በሲሚንቶ ተለስኖ በፕላስቲክ ቀለም ተቀባ። ክረምቱ ሲወጣ እስከ ወገብ ድረስ ቀለሙ አበጠ፣ ልስኑ ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ ይሰጣል፣ ነጭ ዱቄትም ያወጣል። ተቋራጩ «ፍቄ ውሃ የማያስገባ ኬሚካል ባለው ጠንካራ ሲሚንቶ እለስነዋለሁ» ብሎ ተጨማሪ ክፍያ ጠይቋል። እንፈርም?

መልስ፦ አይፈርሙ። የቀረበልዎት ሥራ ጉዳቱን ከወገብ ወደ ትከሻ ያወጣዋል እንጂ አያቆመውም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። እንዲህ ያለ አሮጌ ግድግዳ ከመሬት ትንሽ እርጥበት ይስባል፤ በበጋ ደግሞ በፊቱ በኩል ይተነፍሳል፣ ይደርቃል። ሲሚንቶና ፕላስቲክ ቀለም ይህን መተንፈሻ ይደፍናሉ። ውሃው መውጫ ፍለጋ ወደ ላይ ይሳባል። የተሸከመው ጨውም ከልስኑ ጀርባ ይደርቅና እንደ ጠጠር ያድጋል፤ ያ ነው ልስኑን ከነጡቡ ፊት ገፍቶ የሚጥለው። ያዩት ነጭ ዱቄት ይኸው ጨው ነው። በደረቅ ብሩሽ ተጠርጎ ከግቢ ይውጣ፤ በውሃ ካጠቡት ተመልሶ ወደ ውስጥ ይገባል።

ተቋራጩን ከመጥራትዎ በፊት ሦስት ነገር በዓይንዎ ይዩ። መጀመሪያ ግድግዳው በምን እንደተያያዘ። ከውስጥ በኩል፣ ሲሚንቶ ካልነካው ቦታ፣ ከመገጣጠሚያው የለውዝ ፍሬ የሚያህል ቁራጭ በመሮ ያውጡና ውሃ ባለበት ብርጭቆ ይጣሉት። በደቂቃዎች ውስጥ ፈርሶ ውሃውን ካደፈረሰ ጭቃ ነው። ሳይፈርስ ቀርቶ በቢላ ጫፍ ሲፋቅ ዱቄት ከሆነ፣ አቼቶ ሲንጠባጠብበትም ከፈላ፣ ኖራ ነው። ቢላ የማይበግረው ከሆነ በሲሚንቶ ተገንብቷል ማለት ነው፤ ያኔ ነገሩ ሌላ ስለሆነ አማካሪ መሐንዲሱ ይወስን።

ሁለተኛ፣ እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ከውስጥ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አሽገው ሦስት ቀን ያቆዩት። ጠብታው ከላስቲኩ ጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ከሆነ ውሃው ከግድግዳው ነው፤ በክፍሉ በኩል ከሆነ የክፍሉ አየር ነው የሚያረጥበው፣ መስኮት መክፈት ይበቃል። ሦስተኛ ከውጭ ጥግ ላይ 60 በ60 ሳ.ሜ. ጉድጓድ ያስቆፍሩ። ብዙ አሮጌ ቤት ዙሪያው አፈር ሲደለደል፣ ድንጋይ ሲነጠፍ ዘመን ይቆጠራል፤ የውጩ መሬት ከውስጡ ወለል በልጦ ይገኛል። ከሆነ በሽታው እዚያ ነው።

ስለዚህ ሥራው ከልስን አይጀምርም። ከላይ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ከታች፤ ግድግዳው መጨረሻ ነው። ጅማ ላይ ዝናቡ ቀደም ብሎ፣ በበልግ ስለሚጀምር ጣሪያው በኅዳር ተከፍቶ በታኅሣሥ ቢዘጋ፣ ልስኑም የካቲት ሳያልቅ ቢያልቅ ይመረጣል። አሸንዳው ከ15 ሳ.ሜ. ያልጠበበ ይሁን፤ በየሜትሩ 5 ሚ.ሜ. ዘንበል ይበል፤ ቢበዛ በየ12 ሜትሩ 10 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው መውረጃ ቧንቧ ይኑረው። የቧንቧው ጫፍ ግድግዳው ሥር ከፈሰሰ ግን አሸንዳ እንዳልተሠራ ይቁጠሩት። ከታች የውጩ አፈር ከወለሉ 20 ሳ.ሜ. ዝቅ እስኪል ይቆረጥና መሬቱ ከቤቱ ወደ ውጭ ያዘንብል፤ በሁለት ሜትር ውስጥ 10 ሳ.ሜ. ዝቅ ካለ ጥሩ ነው። ጅማ ውስጥ መረሬ አፈር ባለበት ቦታ ግን መሠረቱ አጠገብ ጥልቅ ቦይ አያስቆፍሩ። ያ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳውንም ይዞት ይንቀሳቀሳል።

ስንጥቅ ካለ በሁለት በኩል በእርሳስ ምልክት አድርገው፣ ቀን ጽፈው፣ በየሁለት ሳምንቱ በምልክቶቹ መካከል ያለውን ርቀት ካሊፐር በሚባለው የሚሊ ሜትር መለኪያ ይለኩ። አንድ ክረምትና አንድ በጋ ሳይለካ «ቆሟል» አይባልም።

ጣሪያው ሲከፈት ኮሚቴው መሰላል ይውጣ። የእንጨቱ ችግር የሚጀምረው ግድግዳ ውስጥ ከተቀበረው ጫፍ ነው፤ ከመሐል ጤነኛ መስሎ ጫፉ ይበሰብሳል ወይም ምስጥ ይገባበታል። በካቻቢቴ ይውጉት፤ ያለ ጉልበት ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ከገባ ያ ክፍል ተቆርጦ ይወጣል። ሙሉው እንጨት ይቀየር ሲባል ግን አይስማሙ። የተጎዳው ብቻ ተቆርጦ፣ በዚያው ዓይነትና በደረቀ እንጨት፣ ሰያፍ መጋጠሚያ ተሠርቶ በጋለቫናይዝድ ብሎን ይያዛል፤ በጫፉ ዙሪያ አየር የሚገባበት ሁለት ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተዋል። ጅሬን ላይ እንዳለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያሉ፣ እንጨት የበዛባቸው ቅርሶች ታድሰው ያው ቅርስ ሆነው የሚኖሩት የቀድሞው እንጨት ሳይጣል ሲቆይ ነው፤ ይህን ልብ ይበሉልኝ።

አሁን ወደ ግድግዳው። ሲሚንቶው በመዶሻና በመሮ፣ ከላይ ወደ ታች፣ መሮው ተጋድሞ ይነሣ። ግራይንደር አይግባ። መጀመሪያ አንድ ሜትር ካሬ ብቻ ይሞከር፤ የጡቡ ፊት አብሮ ከተነሣ ሥራው ይቁምና አማካሪው ይጠራ። ከተነሣ በኋላ ልስኑ እስኪጀመር ግድግዳው ራቁቱን ይቆይ። በልምድ ግድግዳ በወር 2.5 ሳ.ሜ. ያህል ይደርቃል፤ 50 ሳ.ሜ. ግድግዳ በአንድ በጋ አይደርቅም። የኖራ ልስን የሚመረጠውም ከላዩ ሆኖ መድረቁን ስለሚያስቀጥል ነው።

በከረጢት የሚመጣው ኖራ አሮጌ እንዳይሆን ይጠንቀቁ። አንድ ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ አድርገው አቼቶ ያንጠባጥቡበት፤ በኃይል ከፈላ አየር በልቶት ወደ ድንጋይነት ተመልሷል፣ አይዝም፣ ይመለስ። ደህናው ቢያንስ ለ24 ሰዓት በውሃ ተዘፍዝፎ እንደ እርጎ ሲወፍር ይሠራበታል። ሠራተኛው መነጽርና ጓንት ያድርግ፤ ኖራ ዓይን ያጠፋል። አሸዋውን በጠርሙስ ይፈትኑት፦ 10 ሳ.ሜ. አሸዋ፣ ከላዩ ውሃ፣ ነቅንቆ ሦስት ሰዓት ማቆየት። ከላይ የሚቀመጠው ደለል ከ6 ሚ.ሜ. ከበለጠ አሸዋው ይታጠብ።

ድብልቁ አንድ እጅ ኖራ፣ ሦስት እጅ አሸዋ ነው፤ ሲሚንቶ «ለማጠንከሪያ» ተብሎ አንድ አካፋም አይግባ። ግድግዳው ቀድሞ ይርጠብ። መጀመሪያ ርጭት፣ ማለት ልስኑ እንዲይዝ ግድግዳው ላይ የሚረጭ ድብልቅ፣ ከዚያ 10 ሚ.ሜ. ልስን፣ መጨረሻ አንድ እጅ ኖራ ለሁለት እጅ ደቃቅ አሸዋ በሆነ ድብልቅ 3 ሚ.ሜ. ማለስለሻ። በየንብርብሩ መካከል ሳምንት ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ የረጠበ የቡና ጆንያ ፊቱ ላይ ይንጠልጠል። ጆንያው ከደረቀ ልስኑ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል፤ «ኖራ አይሆንም» የሚባለው ብዙውን ጊዜ በዚህ ጥፋት ነው። መገጣጠሚያው ጭቃ ከሆነ ክፍተቱ መጀመሪያ በጭድ ጭቃ ይሞላና ከደረቀ በኋላ ኖራው ይከተል። ቀለሙም የኖራ ቅብ ነው፤ እንደ ወተት ቀጥኖ አራት ወይም አምስት ጊዜ።

እርስዎ ሒሳብ ስለሚያውቁ ይህን ያገናዝቡት፦ ለ100 ካሬ ሜትር፣ ርጭቱና የግድግዳው ጎድጓዳ ተቆጥሮ በ2 ሳ.ሜ. ውፍረት፣ ብክነቱ ተጨምሮ 2.4 ሜትር ኩብ ያህል አሸዋና 0.8 ሜትር ኩብ ዝፍዝፍ ኖራ ይገባል፤ የዱቄቱ ኖራ ወደ 5 ኩንታል ነው። በሂሳቡ ላይ ለልስኑ ሲሚንቶ ተጽፎ ካዩ ይጠይቁ።

ሕንፃው በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ለጥገናው ቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱ የልስን ለውጡንም ይሸፍን እንደሆነ ያረጋግጡ።

በእድሳት ወቅት ትልቁ አደጋ እሳት ነው። የፓሪሱ ኖትርዳም እ.ኤ.አ. በ2019 የተቃጠለው እየታደሰ ሳለ ነበር። በእንጨት ጣሪያ ሥር ብየዳ አይፈቀድ። የግድ ከሆነ እሳት ማጥፊያ የያዘ ሰው አጠገቡ ይቁም፤ ብየዳው ካበቃ በኋላም አንድ ሰዓት ሳይለቅ ይጠብቅ። ማታ ማታ የጣሪያው መብራት መስመር ከዋናው ማብሪያ ይጠፋ።

ክፍያውን በተመለከተ ያለፈውን ልስን ማንሣት ተጨማሪ ሥራ ነው ወይስ የተበላሸ ሥራ እርማት የሚለው መጀመሪያ በጽሑፍ ይለይ። በውሉ የተጻፈው «ሲሚንቶ ልስን» ከነበረ ጥፋቱ የተቋራጩ ብቻ አይደለም፤ ያን የጻፈው አማካሪም ይጠየቅ። ከዚህ በኋላ የእንጨት ጫፍ፣ የተነሣ ግድግዳ፣ ርጭት ሳይታይና ፎቶ ሳይነሣ አይሸፈን፤ ተሸፍኖ የቀረበ ሥራ አይከፈልበት። አንድ ሜትር ካሬ የናሙና ልስን ግድግዳው ላይ ይሠራ፣ ይፈረምበት፣ ሥራው እስኪያልቅም አይነካ፤ ቀሪው ከእሱ ጋር እየተያየ ይረከባል። ከድሮ ግድግዳ ውስጥ ያልታሰበ ነገር መውጣቱ አይቀርምና ከበጀቱ 15 በመቶ ለመጠባበቂያ ይያዝ። የመጨረሻው 5 በመቶ የተቋራጩ ክፍያ ደግሞ አንድ ሙሉ ክረምት አልፎ፣ በኅዳር ግድግዳው በእጅ ተዳሶ ይለቀቅ።