ክፍሉን በስክሪን፦ የዕጩ መምህራን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ኮሌጃችን ወደ ትምህርት ቤት ከመውጣታችን በፊት የክፍል ቪዲዮ እያያችሁ ሪፖርት ጻፉ ብሎናል። ይሄ ልምምድ ነው ወይስ ጊዜ ማባከን? (ዕጩ መምህርት፣ ከደሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ ካወቅሽበት ትልቅ ልምምድ ነው። እውነተኛ ክፍል ውስጥ ያመለጠሽን መልሰሽ ማየት አትችይም፤ እዚህ ትችያለሽ። ሙሉውን ክፍለ ጊዜ ሳይሆን አምስት ደቂቃ ምረጪ። መምህሩ ጥያቄ ባቀረቡ ቁጥር መልስ እስኪቀበሉ ስንት ሰከንድ እንደታገሱ በስልክሽ ቁጠሪ። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንዳሳዩት፣ መምህራን በአብዛኛው የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ወደ 3 ሰከንድ ሲያደርሱት የተማሪዎቹ መልስ ይረዝማል፤ ዝም የሚሉትም መናገር ይጀምራሉ። ከዚያ ድምፁን አጥፍተሽ ድገሚውና ኋላ የተቀመጡትን ብቻ እዪ። ማን ይጽፋል? ማንስ የጓደኛው ደብተር ላይ አፍጥጧል? ሪፖርትሽ ይህን ይያዝ። «መምህሩ ጥሩ አስተማሩ» የሚል ሪፖርት ለማንም አይፈይድም።

ጥያቄ፦ አማካሪ መምህሬ ሳስተምር በቀጥታ በዙም ሊያዩኝ ይፈልጋሉ። እኛ ጋ ኔትወርክ የለም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የግድ በቀጥታ መሆን የለበትም። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ማይክሮቲቺንግን ሲጀምር ኢንተርኔት አልነበረም። ዘዴው ቀላል ነው፦ አጭር ትምህርት አስተምር፣ ይቀረጽ፣ አስተያየት ተቀበል፣ ያንኑ አሻሽለህ ድገም። ስልክህን መስኮት ላይ አስደግፈህ ቅረጽና ኔትወርክ ሲሻል በቴሌግራም ላክላቸው። ልጆች የሚታዩ ከሆነ ግን የወላጅና የርዕሰ መምህሩ ፈቃድ ይቅደም።

ጥያቄ፦ ፕራክቲከሙ (የማስተማር ልምምዱ) ሙሉ በሙሉ በኦንላይን ቢሆን ምን ችግር አለው?

መልስ፦ አለው እንጂ! ፕላዝማን ያስታውሱ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ውስጥ የገባው የሳተላይት ትምህርት፣ ልጆቹ ጽፈው ሳይጨርሱ ያልፋቸው ነበር። ስክሪኑ ልጆቹን አያያቸውም። 60 ልጅ ባለበት ክፍል ሰሌዳ ላይ እየጻፉ የኋላውን ሹክሹክታ መስማት፣ አልገባኝም ለማለት ያፈረውን ከፊቱ ማወቅ፣ ቁርስ ሳይበላ የመጣውን መለየት እዚያው ቆመው የሚማሩት ነው። ኦንላይኑ መግቢያ ይሁን። ጠመኔ ይዞ ልጆች ፊት በደንብ ያልቆመ ዕጩ ግን መመረቅ የለበትም።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ መምህርነት እየተማርኩ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሀበሻ ልጆች በዙም አማርኛ አስተምራለሁ። ለልምምድ ይቆጠርልኛል?

መልስ፦ አሜሪካ ውስጥ የመምህርነት ፈቃድ የሚሰጠው ስቴቱ ስለሆነ ሕጉም ከስቴት ስቴት ይለያያል። የዩኒቨርሲቲሽን የልምምድ አስተባባሪ አሁኑኑ በኢሜይል ጠይቂ፤ መልሱንም አስቀምጪው።