ከባድ ልያዝ ወይስ ቀላል?

ጥያቄ፦ የአውቶሞቲቭ ደረጃ 3 ተማሪ ነኝ። ኮሌጅ የፈታነው የቶዮታ 1ኤንዜድ ሞተር ነው። ለትብብር ስልጠና ከባድ መኪና ጋራዥ ገባሁ። የሲኖትራክ ቫልቭ አስተካክይ ስባል ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) ቴስታታው (የሞተሩ ክዳን) ላይ ፈልጌ አጣሁት። ሳቁብኝ። ትምህርቴ ለከባድ አይሆንም ማለት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ይሆናል። ካምሻፍቱን ቴስታታው ላይ ያጣሽው ያየሻቸው ሁለት ሞተሮች የተሠሩት ለተለያየ ሥራ ስለሆነ ነው።

1ኤንዜድ አራት ሲሊንደር፣ 16 ቫልቭ ነው። በደቂቃ 6,000 ዙር ይሄዳል። በዚያ ፍጥነት ረጅም ዘንግ ወደ ላይና ወደ ታች ማመላለስ ስለማይመች፣ ሁለቱም ካምሻፍቶች አናት ላይ ሆነው ቫልቩን ይጫናሉ። ሲኖትራክ ላይ በብዛት የምታገኚው ደብልዩዲ 615 የሚባለው ሞተር ግን ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው በ2,200 ዙር ነው። ስለዚህ ካምሻፍቱ ታች፣ ብሎኩ ውስጥ ነው። ፑሽ ሮዱ (ረጅሙ ዘንግ) ወደ ላይ ይገፋል፣ ሮከሩ (እንደ ሚዛን የሚወዛወዘው ክንድ) ቫልቩን ይጫናል። ስድስት ሲሊንደር፣ 12 ቫልቭ። ቴስታታውም ለየሲሊንደሩ ለብቻው ስለሆነ፣ የአንዱ ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ቢነፋ አምስቱን ሳትነኪ ያንኑ ታወርጃለሽ። መንገድ ላይ ለቆመ ሾፌር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አስተካከሉም አያስፈራ። ሞተሩ ይቀዝቅዝ። በሮከሩና በቫልቩ መካከል የሚተወው ክፍተት ለኢንቴክ (አየር ማስገቢያ) 0.30፣ ለኤግዞስት (ጭስ ማውጫ) 0.40 ሚሊሜትር ነው። አንደኛውን ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ላይ ቲዲሲ (ፒስተኑ ጫፍ የሚደርስበት ቦታ) አምጪና የ1፣ የ2፣ የ4 ኢንቴክ፣ የ1፣ የ3፣ የ5 ኤግዞስት ታስተካክያለሽ። አንድ ሙሉ ዙር አዙሪና የቀሩትን ስድስት። ፊለር ጌጅ (ክፍተት መለኪያ ስስ ብረት) እና ቁልፍ ይበቃል። 1ኤንዜድ ላይ ግን የሚላላ ብሎን የለም። ካምሻፍቱን አውርዶ በካምሻፍቱና በቫልቩ መካከል ያለውን ታፔት ውፍረቱ በተለየ መቀየር ነው። ስሙን "ቀላል መኪና" ያለው ሰው ይህን ሠርቶ አያውቅም። የሳቁብሽንም ሠርተው ያውቁ እንደሆነ ጠይቂያቸው።

ከባድ ሁሉ 12 ቫልቭ ነው ብለሽ ደግሞ እንዳትሸወጂ። የቮልቮ ዲ13 ሞተር ካምሻፍቱ አናት ላይ ነው፣ 24 ቫልቭ አለው፤ አንዱ ሮከር በድልድይ ሁለት ቫልቭ ይጫናል። የመርሴዲስ አክትሮስ ኦኤም 501 ሞተር ደግሞ በፑሽ ሮድ እየሠራ ለአንድ ሲሊንደር አራት ቫልቭ አለው።

እኔን ከጠየቅሽ ከባድ ያዢ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል። የኤሌክትሪክ መኪና ቫልቭ የለውም። ያሉት የቶዮታ ቪትዞች ገና ብዙ ዓመት ጋራዥ ይመላለሳሉ፣ እንጀራ አይጠፋም። ከጅቡቲ ጭነት የሚያመጣው መኪና ግን ዛሬም በአብዛኛው ናፍጣ ነው። ቶዮታውን አትርሺው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይሠራል።

ከሰኞ ጀምሮ ቱታሽ ኪስ ውስጥ ትንሽ ደብተር ያዢ። ሞተር በተከፈተ ቁጥር ስሙን፣ ካምሻፍቱ የት እንዳለ፣ ስንት ቫልቭ እንዳለውና ክፍተቱን ጻፊ። ለቅጥር ስትቀርቢ ከሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ወረቀትሽ ጋር አብረሽ አውጪው።