ፔጆ 404 ከሐረር ገዝቶ ድሬ ለማውረድ

ወንድሜ፣ ሐረር ላይ በታክሲነት የሠራች ፔጆ 404 አይተህ ልትገዛ፣ ራስህ ነድተህም ድሬዳዋ ልታወርዳት እንዳሰብክ ጽፈሃል። «ሞተሯ ደህና ነው፣ ሌላ ምን ልይ?» ነው ጥያቄህ። ሞተሩ የመጨረሻ ጭንቀትህ ይሁን። ይህች መኪና ዕድሜዋን ሙሉ የሐረርን ዳገት ስትወጣ ነው የኖረችው፤ መውጣት አያቅታትም። መታየት ያለበት ወደ ድሬ የሚያወርደውን የደንገጎን ቁልቁለት የሚችል ፍሬን፣ የድሬን ሙቀት የሚችል የውኃ መስመር አላት ወይ የሚለው ነው።

ወረቀቱን ቶሎ ልጨርሰው። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናዋ ላይ ከተመታው ጋር አንድ በአንድ አስተያይ። 404 የቤት መኪናዋ ፈረንሳይ ውስጥ የተመረተችው ከ1960 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዚህ ዕድሜ ሞተር መቀየሯ ነውር አይደለም። 1,618 ሲሲው ወጥቶ የ504 ባለ 1,796 ሲሲ ከገባባት እንዲያውም ጉልበት ጨምራለች። ለውጡ ሊብሬው ላይ ካልሰፈረ ግን ሻጩ ራሱ አስመዝግቦ ይጨርስ፤ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ካንተ ጋር ቢሮ ለቢሮ አይዞርም። ዕዳና እገዳ እንደሌለባት ፋይሏ ካለበት ቢሮ አጣራ፣ ውሉንም ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ተፈራረሙ። የታክሲ ሰሌዳ (ኮድ 1) ካላት ለቤት ለመንዳት ወደ ቤት መኪና ሰሌዳ (ኮድ 2) መዛወር አለባት፣ ፋይሏም ወደ ድሬ ይዛወራል። የዚህን ሁሉ ወጪ ማን እንደሚችል ውሉ ላይ ይጻፍ።

አሁን ወደ ውኃው። ሐረር 1,885 ሜትር ላይ ናት፣ ድሬ 1,200 ገደማ። በሐረር ነፋሻ አየር ግማሽ የተደፈነ ራዲያተር ችግሩን ላያሳይ ይችላል፤ የሚያሳየው ድሬ ላይ በቀትር ትራፊክ ውስጥ ስትቆም ነው። ስለዚህ ሻጩ አሙቆ እንዳይጠብቅህ ንገረው፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ መድረስ አለብህ። የራዲያተሩን ክዳን ክፈትና አስነሳ። ውኃው ውስጥ ሳያቋርጥ አረፋ ከወጣ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጋርኒሲዮን (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) አልቋል ማለት ነው። የዘይት መለኪያውን አውጣ፤ ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውኃ ተቀላቅሎበታል፣ ይህ ደግሞ ከጋርኒሲዮኑ የባሰ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱም የዚህ ሞተር ካሚቻዎች (ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸው ቱቦዎች) በቀጥታ ውኃ ውስጥ የቆሙ ናቸው፤ ከሥራቸው ውኃና ዘይቱን የሚለየው ቀጭን መዝጊያ ብቻ ነው። አንድ መካኒክ ቴስታታውን አንሥቶ ካሚቻዎቹን ከላይ ሳያስር ሞተሩን ካዞረ ከቦታቸው ይነቃነቃሉ፣ የታችኛው መዝጊያም ይከፈታል። ቴስታታው ተመልሶ ቢጠብቅም ውኃው ወደ ዘይት መውረዱን አይተውም። «ቅርብ ጊዜ ቴስታታ ተሠርቷል» ሲሉህ አትደሰት፤ ካሚቻው ታስሮ ነበር ወይ ብለህ ጠይቅ። መልሱን የማያውቅ ሻጭ ከሆነ ዋጋው ላይ ሙሉ የሞተር መክፈቻ ሂሳብ ቀንስ።

የ404 ፋን ደግሞ እንደሌላው ዝም ብሎ የሚዞር አይደለም። ውኃው ሲሞቅ በኤሌክትሪክ ማግኔት ተይዞ ይዞራል፣ ሲቀዘቅዝ ይለቀቃል። ካርቦኑ ሲያልቅ ወይም የሙቀት ማብሪያው ሲበላሽ ፋኑ አይያዝም፤ ሜዳ ላይ በነፋሱ ትሄዳለህ፣ ዳገት ላይ በቀስታ ስትወጣ ትፈላለች። ሁልጊዜ እንዲዞር ተደርጎ ከታሰረ ለድሬ ጉዳት የለውም፣ ትንሽ ቤንዚን ይጨምራል እንጂ። ለመፈተን በቀን ወደ ሐኪም ጋራ በሁለተኛ ማርሽ ውጣባት፤ ከላይ ስትደርስ ሳታጠፋ 15 ደቂቃ አቁማት። ጌጁ እየወጣ ካልቆመ ራዲያተሩን ፈትቶ ማስጠረግ ግዴታ ነው፤ ውኃ መለወጥ ብቻውን አይበቃም።

ከኋላ ያለው ዲፈረንሻል ብዙ ሰው የሚስተው ነው። በውስጡ እንደ ብሎን የተጠመዘዘ ብረት የነሐስ ጥርስ ያሽከረክራል። ሰልፈር የበዛበት ጂኤል-5 የሚባለው የማርሽ ዘይት ነሐሱን ይበላዋል፤ የዘይት ሱቅ ደግሞ «ይሄ ይበልጣል» ብሎ የሚሰጥህ እሱን ነው። የታችኛውን ቡሎን ፍታና ዘይቱን ነጭ ጨርቅ ላይ አፍስስ። ቢጫ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ከበዛበት ጥርሱ እየሄደ ነው። በ60 ስትነዳ ነዳጅ ስትሰጥም ስትለቅም የሚያፏጭ ከሆነ ደግሞ ሌላ ዲፈረንሻል ከወዲሁ ፈልግ። ፍሪሲዮኑንም (ክላቹን) እዚሁ ፈትን፦ የእጅ ፍሬን ይዘህ በሦስተኛ ማርሽ ቀስ ብለህ ልቀቅ፤ ሞተሩ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ይንሸራተታል። ሸራው ራሱ ውድ ባይሆንም ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ለማውረድ የኋላው አክስል ከነቱቦው ወደ ኋላ መሳብ አለበትና የእጅ ዋጋው ይከብዳል።

ላሜራው ላይ ማግኔት ይዘህ ዙር፤ የማይስብበት ቦታ ስቱኮ ነው። ከምንጣፉ ሥርና ከበሩ ግርጌ ያለውን ወለል በተለይ ጫን ብለህ እይ፣ አካሏ ራሱ ሻንሲዋ ስለሆነ።

ፍሬኑን ሳታሠራ ከሐረር አትነሳ፤ በዚህ ላይ አልለሳለስም። አሮጌዎቹ አራቱም ጎማ ላይ ታምቡር ናቸው፣ የፍሬን ዘይቱም መስመር አንድ ነው። አንድ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም ጎማ ላይ ፍሬን የለህም። አራቱን ታምቡር አስከፍት፤ ሸራው ዘይት ከነካው ወይም ሪቬቱ ጋ ከደረሰ ይቀየር፣ የላስቲክ ቱቦዎቹም ስንጥቅ ቢኖራቸው ባይኖራቸው ይቀየሩ። አሮጌው የፍሬን ዘይት ከአየር ውኃ ስለሚስብ ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላል፣ ፔዳሉም ወለል ይነካል። 1 ሊትር ዶት 3 የፍሬን ዘይት ገዝተህ ከፍሬን ፖምፓው በጣም ከራቀው ጎማ ጀምሮ አሮጌው እስኪወጣ ይነፈስ። ጎማዋ 165 ባለ 15 ነው፤ ካጣህ የቮልስ ጎማ ልኩ ነው። ጎኑ ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች ሳምንቱንና ዓመቱን ይነግሩሃል፤ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ የደረቀ ጎማ አትቀበል።

ማለዳ 12 ሰዓት ተነስ፤ አስፋልቱ ገና አልጋለም። 10 ሊትር ውኃ፣ ቺንጋ (የፋን ቀበቶ)፣ አራት ካንዴላ፣ ፑንቲናና ኮንደንሰር (የማቀጣጠያው ዕቃዎች)፣ የተረፈውን የፍሬን ዘይት፣ ክሪክና የተነፋ ስኮርታ (ትርፍ ጎማ) ያዝ። እስከ አወዳይ፣ ሐረማያና አዴሌ ድረስ ሜዳ ቢጤ ነው፤ እዚያ ላይ ፍሬኑን ደጋግመህ ሞክር። ከአወዳይ የሚወጡትን የጫት መኪኖች አትወዳደር፣ ዳር ይዘህ አሳልፋቸው። ደንገጎ ስትደርስ ቁም፣ ውኃና የፍሬን ዘይት እይ፣ ጎማዎቹን በእጅህ ዳስስ፤ አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለ ፍሬኑ ይዞታል።

ከዚያ ወዲህ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ 800 ሜትር ያህል ያወርድሃል። ገና ከመነሻው ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፣ ገለጥ ሲል ሦስተኛ። በፎሌ (ማርሽ ሳይገባ) መውረድ ቤንዚን ይቆጥባል የሚሉህን አትስማ፤ የሞተሩን መያዣ ጥለህ ሙሉ ክብደቷን ሸራው ላይ ታሳርፋለህ። እግርህን ፔዳሉ ላይ አታሳርፍ፤ ጠበቅ አድርገህ ያዝና ልቀቅ። የሸራ ሽታ ከሸተተህ ወይም ፔዳሉ ከጠለቀ ሰፊ ቦታ ላይ ቆመህ ግማሽ ሰዓት አብርዳት። የጋለ ታምቡር ላይ ውኃ አትድፋ፣ ይሰነጠቃል።

ድሬ ስትገባ ሚኒሞዋ (ነዳጅ ሳትሰጥ የሞተሩ አዟዟር) ሊዛባ ይችላል፤ ለሐረር ስስ አየር የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ነዳጁ ያንሰዋልና አስተካክለው። ፑንቲናውን 0.4፣ ካንዴላውን 0.6 ሚሊ ሜትር አድርግ። ቫልቮቹን ሞተሩ ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ አስገቢውን 0.10፣ አስወጪውን 0.25 አስለካ። ለመጀመሪያው ሳምንት ጠዋት ጠዋት ውኃውንና ዘይቱን ለካ፤ ውኃው መሬት ላይ ሳይታይ ከቀነሰ ጋርኒሲዮኑን ወይም ካሚቻውን ጠርጥር፣ ቶሎ ይከፈት።