«ዳኛው ይነሡልኝ» ማለት የሚቻለው መቼ ነው? ጥያቄና መልስ

ጎጃም ውስጥ በአንድ ወረዳ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኜ አገልግያለሁ፤ ዛሬ በደብረ ማርቆስ በጥብቅና ሥራ ላይ ነኝ። ዳኛ ከችሎት ስለሚነሣበት፣ ማለትም አንድን ጉዳይ ከማየት ስለሚወጣበት ሁኔታ ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች ከዚህ በታች መልስ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ (ከቢቸና)፦ ጋሼ፣ ዳኛ እንዲነሣ የሚያደርጉት ምክንያቶች ምን ምን ናቸው?

መልስ፦ በ1988 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 25 እንደዘረዘረው፣ ዳኛው ከተከራካሪው ወይም ከጠበቃው ጋር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዝምድና ካለው፣ በነገሩ የአንዱ ወገን ሞግዚት፣ ነገረ ፈጅ ወይም ጠበቃ ከነበረ፣ ጉዳዩን ቀድሞ በሌላ ሥልጣን አይቶት ከሆነ፣ ከአንዱ ጋር የራሱ ክርክር ካለው፣ ወይም ትክክለኛ ፍትሕ አይሰጥም የሚያሰኝ ሌላ በቂ ምክንያት ካለ ይነሣል። አዋጁ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1234 ተተክቷል። የወረዳችሁ ፍርድ ቤት የክልል ስለሆነ ግን በአቤቱታችሁ የምትጠቅሱት የክልሉን ሕግ ነው።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ ዳኛው የተከሳሹን ልጅ ክርስትና አንሥተው ከሆነስ? የሥጋም የጋብቻም ዝምድና አይደለም።

መልስ፦ «ሌላ በቂ ምክንያት» የሚለው ሐረግ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ በአገራችን የክርስትና ልጅ ከሥጋ ዘመድ የማያንስ መሆኑን የማያውቅ የለምና። እኔም ደርሶብኛል። የድንበር ክርክር ያላቸው አንዲት እናት ምርኩዛቸውን ከአግዳሚው አስደግፈው፣ «ልጄ፣ አንተ አታዳላ ይሆናል፤ እኔ ግን ይህ ሰው በሚካኤል ማኅበር ከቤትህ ጠላ ሲቀዳ አይቼ እንቅልፍ አጣሁ» አሉኝ። የሰውየውን ልጅ ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነበርሁ። መዝገቡ ሲከፈትልኝ ራሴ መናገር ሲገባኝ እኒያ እናት እስኪናገሩ መጠበቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በዚያው ዕለት ተነሣሁ። በአንድ ማኅበር ጽዋ መጠጣት ብቻውን ግን የሚያስነሣ አይመስለኝም፤ በትንሽ ከተማ እንዲያ ከተባለ ፈራጅ አይገኝም።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም፣ ከአንድ ወጣት ዳኛ)፦ እንደማላዳላ ልቤ ካወቀ ለምን እነሣለሁ?

መልስ፦ ልብዎን ተከራካሪው አያየውም። የሚመዘነው ነገሩን በውል የተረዳ አስተዋይ ሰው ከዳር ሆኖ ቢያይ ይሠጋ ነበር ወይ ተብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በዚያን ጊዜ የአገሩ የመጨረሻ ፍርድ ቤት የነበረው የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ዳኞች የቺሊው የቀድሞ መሪ ፒኖቼ ያለመከሰስ መብት የላቸውም ብለው 3 ለ 2 ወሰኑ፤ ከሦስቱ አንዱ ሎርድ ሆፍማን፣ በክርክሩ ጣልቃ ከገባው ከአምነስቲ ኢንተርናሽናል ጋር የተያያዘ የበጎ አድራጎት ድርጅት ዳይሬክተር መሆናቸው በኋላ ታወቀ። አዳሉ ያላቸው አልነበረም፤ ውሳኔው ግን ተሽሮ ክርክሩ በሌሎች ዳኞች እንደገና ተሰማ።

ጥያቄ (ከደጀን)፦ ዳኛው እግድ ስለከለከሉኝ ይነሡልኝ ልበል?

መልስ፦ አይበሉ። ትእዛዙ ቅር ካሰኘዎ መንገዱ ይግባኝ ነው።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ አቤቱታው መቼ ይቅረብ?

መልስ፦ ክርክሩ መሰማት ከመጀመሩ በፊት፣ ወይም ምክንያቱን እንዳወቁ ወዲያውኑ፣ በጽሑፍ። ዝምድናውን እያወቁ ዝም ብለው ሲፈረድባቸው የሚያነሡትን ደንበኞቼን እቆጣለሁ፤ ያን ጊዜ የሚሰማቸው ችሎት ማግኘት በጣም ይከብዳል።